ከቦክሰኛ፣ ከግራኝና ከካራቴ ሠሪ ጋር ስፓሪንግ ስገባ የተማርኩት

ቴኳንዶ መሥራት የጀመርኩት በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የወጣቶች ማዕከል ነው። የምንሠራው የአይቲኤፍን፣ ማለትም የዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ ቴኳንዶ ስለነበረ ስፓሪንግ፣ ማለትም የልምምድ ግጥሚያ፣ ስንገባ በእጅም በእግርም፣ ፊትም ሆነ ደረት ላይ መምታት ይፈቀድልናል፤ ከወገብ በታች መምታትና ተጋጣሚን መያዝ ግን ክልክል ነው። ለሰባት ዓመት ያህል፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሃያ ከማይሞሉት የክለብ ጓደኞቼ ጋር ብቻ ስጋጠም ቆየሁ። ማን በየትኛው እግሩ እንደሚጀምር፣ ማን ሲደክመው እጁን እንደሚያወርድ፣ ማን ሲያፈገፍግ ዞሮ እንደሚረግጥ በቃሌ አውቅ ነበር። ጥቁር ቀበቶዬን ካሰርኩ በኋላ ስፓሪንግ የምችል መስሎኝ ነበር፤ በእርግጥ የማውቀው ግን እነዚያን ሃያ ሰዎች ነበር።

ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አዳራሹን ከእኛ ቀጥሎ የሚጠቀም አንድ የቦክስ ቡድን ነበር። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አሠልጣኛችን፣ እኛ ሳቦም እያልን የምንጠራቸው፣ የቦክሰኞቹን አሠልጣኝ «ጋሼ፣ ልጆቻችንን ቀለል አድርገን ብናገናኛቸውስ?» ብለው ጠየቋቸውና ተስማሙ። ሁላችንም የጥርስና የጭንቅላት መከላከያ አድርገን፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሦስት ዙር እንድንገባ ተወሰነ። ለእኔ የደረሰኝ ቦክሰኛ በክብደት አራት ኪሎ ያህል የሚያንሰኝ፣ በቁመትም አጠር የሚል ልጅ ስለነበረ በእግሬ ርዝመት ብቻ እንደማሸንፈው እርግጠኛ ነበርኩ።

መጀመሪያ የሰነዘርኩት በኋላ እግር የሚመታውን የዙር እርግጫ፣ እኛ ዶልዮ ቻጊ የምንለውን ነበር። ክርኑ ላይ አረፈ። እግሬ ገና ወደ መሬት እየወረደ ሳለ የግራ እጁ ቡጢ አፍንጫዬ ላይ ደረሰ፤ እጁ ከየት እንደተነሣ አላየሁም፣ ያስተዋልኩት የጓንቱን የቆዳ ሽታ ብቻ ነው። ደግሜ ረገጥኩ፣ እሱም ያንኑ ደገመው። በሦስተኛው ጊዜ ግራውን ተከትሎ ቀኙ መጣና ሁለቱም ደረሱኝ። በሁለተኛው ዙር መርገጥ ፈራሁ፤ መርገጥ ስፈራ ደግሞ እሱ እየቀረበ መጥቶ ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ገፋኝ። በሦስተኛው ዙር ሁለት እጄን ፊቴ ላይ ይዤ ከመቆም በቀር የሠራሁት ነገር አልነበረም። ሲያልቅ የቦክሱ አሠልጣኝ ትከሻዬን ይዘው፣ «ልጄ፣ እግርህ ጥሩ ነው። ግን ከረገጥክ በኋላ የምታሳርፈው እሱ ደጃፍ ላይ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ማታ ወዲህ ከቦክሰኞች፣ ከግራኞች፣ ከኦሊምፒኩ የቴኳንዶ ዘርፍ ልጆች፣ ከካራቴ ሠሪዎችና ጥቂት ጊዜም ከጁዶ ሰዎች ጋር ስፓሪንግ ገብቻለሁ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም እንደ እኔ በአንድ ክለብ ውስጥ ብቻ አድገው ከሌላ ስልት ጋር ሲገናኙ ግራ ለሚጋቡ ወጣቶች ነው። ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ «ቦክሰኛን በየትኛው እርግጫ ልምታው?» ብለው ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። አሠልጣኙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሳዩኝ ግን የእርግጫው ዓይነት ሳይሆን እርግጫው የሚያልቅበት ቦታ እንደሆነ ነው።

እያንዳንዱ ስልት ባለቤቱ ተረጋግቶ የሚቆምበት ርቀት አለው። ለቦክሰኛ ክንዱን ሲዘረጋ ጡጫው የሚደርስበት ቦታ ነው፤ ለቴኳንዶ ሠሪ ከዚያ አንድ እርምጃ ያህል ራቅ ይላል፤ ለጁዶና ለትግል ሰው ደግሞ ደረት ከደረት የሚገናኝበት ነው። ሁለት ስልቶች ሲገናኙ ከምቱ በፊት የሚፎካከሩት በዚህ ርቀት ላይ ነው፤ ተጋጣሚዬ በሚመቸው ርቀት ላይ ቆሜ የበለጠ ጎበዝ ለመሆን ብሞክር እሱ ለዓመታት በየቀኑ የኖረበትን ቦታ እኔ በእንግድነት ልነጥቀው እየሞከርኩ ነው ማለት ነው። ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ መሐመድ አሊና ጃፓናዊው የትግል ሰው አንቶኒዮ ኢኖኪ እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1976 ቶኪዮ ውስጥ ኒፖን ቡዶካን አዳራሽ ያደረጉት የ15 ዙር ግጥሚያ ነው። ኢኖኪ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ ጋደም ብሎ የአሊን እግሮች ሲረግጥ ቆየ፤ አሊ ወደሚቆምበት ርቀት ለመግባት ኢኖኪ ፈቃደኛ ስላልነበረ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ የሰነዘራቸው ቡጢዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ውጤቱ አቻ ሆነ፣ አሊ ግን በእግሩ ጉዳት ምክንያት ሆስፒታል ገባ። ተመልካቹ ግጥሚያውን አልወደደውም፤ እኔም ውበት ነበረው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን አንድ ሰው ርቀቱን ስለከለከለ ብቻ ያን የመሰለ እጅ ሥራ ፈትቶ እንደዋለ ማየት ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

ስለዚህ አሁን ከማላውቀው ሰው ጋር ስፓሪንግ ስገባ የመጀመሪያውን ሠላሳ ሰከንድ ለማየት እሰጠዋለሁ። ዓይኔን የማሳርፈው ደረቱ አካባቢ ነው፤ ጓንቱን የሚከተል ዓይን ይታለላል፣ ቡጢ ከመነሣቱ በፊት ግን ትከሻ፣ እርግጫ ከመነሣቱ በፊት ደግሞ ወገብ ይንቀሳቀሳል። ሳላጠቃ ግማሽ እርምጃ እገባለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ። ስገባ ምን ያደርጋል? ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ባለበት ይጠብቃል ወይስ ሊገናኘኝ ይመጣል? ስወጣስ ተከትሎኝ መጥቶ እግሩ የሚረጋው የት ላይ ነው? እግሩ የረጋበት ቦታ የሱ ቤት ነው። የለበሰው ልብስ ወይም የሠለጠነበት ስልት ስም ከዚህ ያነሰ ነው የሚነግረኝ፤ ቦክሰኛ ሆኖ ከሩቅ መዋጋት የሚወድ፣ ቴኳንዶ ሠርቶ ደግሞ እየተጣበቀ ቡጢ የሚወድ ሰው አይቻለሁ።

ወደ ቦክሰኛው ልመለስ፤ ብዙ የደከምኩበት እሱ ስለሆነ ብዙ የምለውም ስለሱ ነው። በኋላ እግር የሚመታ የዙር እርግጫ ኃይለኛ ነው፣ ግን ከኋላ ተነሥቶ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ይታያል፤ ካረፈ በኋላም እግሩ ወደ ፊት ስለሚወድቅ አካሌን በሙሉ ወደ ቡጢው ይዞት ይገባል። የሠራሁት የመጀመሪያ ለውጥ የፊት እግሬን ዋና መሣሪያ ማድረግ ነበር። በፊት እግር የሚመታው የጎን እርግጫ፣ ዮፕ ቻጊ፣ መንገዱ አጭር ነው፤ ተረከዜ ሆዱ ወይም ደረቱ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ባይጎዳው እንኳ ያቆመዋል። አሜሪካዊው ቢል ዋላስ ጁዶ ሲሠራ ቀኝ ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ በግራ እግሩ ብቻ እየረገጠ እ.ኤ.አ. በ1974 የፉል ኮንታክት (በሙሉ ኃይል የሚመታበት) ካራቴ የመካከለኛ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን መሆኑን ሳነብ፣ አንድ የፊት እግር በደንብ ከተሠራ ስንት ሥራ እንደሚሠራ ገባኝ።

ልምምዱ ቀላል ነበር፣ አሰልቺም ነበር። መደገፊያ ያለውን የፕላስቲክ ወንበር ፊቴ አስቀምጬ የፊት እግሬን ከመደገፊያው በላይ አሳልፌ እረግጣለሁ፤ ጉልበቴ መጀመሪያ ካልታጠፈ ወንበሩ ይወድቃል፣ ረግጬም ጉልበቴን መልሼ ካላጠፍኩ ይወድቃል። ይህን በየቀኑ በአንድ እግር ሃምሳ ጊዜ፣ ለሦስት ወር ያህል ሠራሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ወንበሩ ከቆመበት ጊዜ የወደቀበት ይበልጣል። የልምምዱ ዋና ዓላማ ከመርገጡ ይልቅ መመለሱ ነው፤ ጉልበት ታጥፎ ከተመለሰ በኋላ እግሩን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ማሳረፍ የእኔ ምርጫ ይሆናል፣ ሳይታጠፍ ከወደቀ ግን የሚወድቅበትን ቦታ የሚመርጠው ተጋጣሚዬ ነው። መሬት ላይ በነጭ ፕላስተር መስመር አስምሬም እግሬ ሁልጊዜ ከመስመሩ ኋላ እንዲያርፍ አደርግ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የመውጫ አቅጣጫ ነው። ግራ እግሩን አስቀድሞ የሚቆም ቦክሰኛ ከባዱ እጁ ቀኙ ነው፤ ፊት ለፊት ስንቆም ያ እጅ በእኔ ግራ በኩል ይሆናል። ስለዚህ ረግጬ ስወጣ በቀጥታ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ቀኜ እዞራለሁ፣ ከከባዱ እጁ እርቃለሁ፤ በዚያ በኩል የሚጠብቀኝ የግራ እጁ ጥምዝ ቡጢ ስለሆነም የቀኝ እጄን ጉንጬ ላይ እለጥፋለሁ። በቀጥታ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ሁለተኛው ላይ ይከተልሃል፣ ሦስተኛው ላይ ግድግዳ አለ። ደግሞም በጎን ተዙሮ የሚቆም የቴኳንዶ አቋቋም ለጎን እርግጫ ይመቻል እንጂ ለቡጢ መከላከል አይመችም፤ ቦክሰኛ ወደ ጀርባህ በኩል ሲዞር መላ ጎንህን ያገኛል። ስለዚህ ክንድ በሚደርስበት ርቀት ውስጥ ከተያዝኩ ትከሻዬን ወደ ፊት መልሼ፣ ክርኖቼን ሰብስቤ፣ ሁለት አጫጭር ቡጢ ሰንዝሬ መውጣትን ተማርኩ። ቡጢዎቹ እንዲያሸንፉልኝ ሳይሆን በሩን እንዲከፍቱልኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቦክሰኛ ከቡጢ ሲያመልጥ ጎንበስ ይላል፤ ከወገብ በታች አደጋ ይመጣል ብሎ አልሠለጠነምና ጭንቅላቱ እርግጫህ በሚያልፍበት መንገድ ላይ በራሱ ይመጣል። ደረት ላይ ያነጣጠርከው እርግጫ ያን ጊዜ ፊት ላይ ያርፋል። በልምምድ ላይ ይህ ሲሆን አይቼ ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከቦክሰኛ ጋር ስትገባ መርገጥ የምትችልበትን ኃይል ሳይሆን ማቆም የምትችልበትን ኃይል ብቻ ተጠቀም።

ከግራኝ ጋር ያለኝ ታሪክ ደግሞ ከአካሌ አይጠፋም። እኔ ግራ እግሬን አስቀድሜ እቆማለሁ፣ ግራኝ ቀኙን ያስቀድማል፤ ያኔ የሁለታችን ደረት ወደ አንድ በኩል ይከፈታል። ከክለባችን ውጭ በተደረገ አንድ ውድድር ላይ የገጠመኝ ልጅ ግራኝ መሆኑን አየሁ፣ ግን ምንም አላሰብኩበትም። በመጀመሪያው ዙር አጋማሽ ላይ የኋላ እግሩ፣ ማለትም ግራው፣ በቀኝ የጎድን አጥንቴ ሥር ገባ። ሲመታኝ ብዙም አላመመኝም፤ እንዲያውም ልመልስለት አንድ እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ነው አካሌ በራሱ የታጠፈው። እስትንፋስ እንቢ አለኝ፣ ጉልበቴ መሬት ነካ፣ ጭንቅላቴ ግን ፍጹም ንቁ ነበርና ዳኛው ሲቆጥር እያንዳንዱን ቁጥር እሰማለሁ፣ ለመነሣት የሚታዘዘኝ አካል ግን አልነበረም። ጉበት የሚገኘው በዚያ በኩል ነው፤ ምቱ ሲያገኘው ሕመሙ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ሲመጣ ግን በፈቃድ የማይሸነፍ ዓይነት ነው።

የግራኝ አደጋው ይኸው ነው፤ የሱ ጠንካራ እግርና ጠንካራ እጅ የሚያርፉት የእኔ ጉበት ባለበት በተከፈተው በኩል ነው። ደስ የሚለው ነገር በሩ ለሁለታችንም የተከፈተ መሆኑ ነው፤ የእኔም የኋላ እግር ሆዱን በቀጥታ ያገኛል። ስለዚህ ጥያቄው ማን ይቀድማል የሚል ይሆናል፣ ለመቅደም የሚረዳው ደግሞ የፊት እግር አቀማመጥ ነው። ግራ እግሬን ከሱ ቀኝ እግር ውጭ በኩል ካሳረፍኩ የእኔ የኋላ እጅና እግር ቀጥ ብለው ወደ መሃሉ ያያሉ፣ የሱ ከባድ ጎን ግን ዞሮ ካልመጣ አያገኘኝም። ስንቀሳቀስም ወደ ግራዬ ነው፤ ለተራው ቦክሰኛ ከነገርኩት ተቃራኒው ማለት ነው። ቀኝ ክርኔን ከጎድን አጥንቴ አላነሣም። በቅርብ ግራኝ ጓደኛ ከሌለህ አንዱን ቀኝ እጅ ጓደኛህን ለአንድ ዙር አቋቋሙን እንዲቀይርልህ ለምነው፤ እሱ ይቸገራል፣ አንተ ግን መስመሩን ዓይንህ ይለምደዋል።

የኦሊምፒኩ ዘርፍ፣ የወርልድ ቴኳንዶ ልጆች፣ ስማችን አንድ ሆኖ ሥራችን የተለያየ ነው። ኢትዮጵያ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በቴኳንዶ የተወከለችው በዚህ ዘርፍ ነው። በነሱ ሕግ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው፤ ደረት ላይ ያረፈ ቡጢ 1 ነጥብ፣ ደረት ላይ ያረፈ እርግጫ 2፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ 3፣ ዞረው ሲረግጡ ደግሞ ደረት ላይ 4፣ ጭንቅላት ላይ 5 ያሰጣል። በእኛ ሕግ ቡጢ 1፣ ደረት ላይ እርግጫ 2፣ ጭንቅላት ላይ 3 ነው። ከዚህ ልዩነት የሁለታችን አካል አቋቋም ይወለዳል። እነሱ እጃቸውን ዝቅ አድርገው የፊት እግራቸውን አየር ላይ እንደ ጦር ይዘው ይጠብቃሉ፤ እግሩ እንደተነሣ ይመታል፣ ይገፋል፣ ይመልሳል። እኔ መጀመሪያ በድፍረት ቀጥ ብዬ ልገባ ስሞክር ጀርባውን ሰጥቶ ዞሮ የረገጠኝ እርግጫ ጎድኔ ላይ ቆሟል። በኋላ የተማርኩት እግሩን በማታለያ አስነሥቼ፣ ተመልሶ መሬት ሊነካ ሲል መግባትን ነው። በአንድ እግሩ የቆመ ሰው ወደ ኋላ ሊሸሽ አይችልም፤ እግሩ መሬት በሚነካበት ቅጽበት ደግሞ ክብደቱ እዚያ ላይ ስለሚወድቅ ወዲያው ደግሞ ሊያነሣው አይችልም። ያ አጭር ጊዜ የእኔ ሁለት ቡጢ የሚገባበት ነው። በነሱ ሕግ፣ በነሱ ኤሌክትሮኒክ ደረት መከላከያ ስጋጠም ግን ይህ ሁሉ ብዙም አልጠቀመኝም፤ ቡጢዬ 1 ነጥብ ሲያመጣ የሱ ጭንቅላት ላይ ዞሮ የሚረግጠው አንድ እርግጫ 5 ያመጣል። ወደ ሌላ ሰው ሕግ ስትገባ ከመግባትህ በፊት የነጥቡን አሰጣጥ አንብብ፣ የተጋጣሚህ እግር ለምን እዚያ እንደቆመ የሚነግርህ እሱ ነው።

ካራቴ ሠሪዎች፣ በተለይ በነጥብ ውድድር ያደጉት፣ ከሩቅ ቆመው እየዘለሉ ይጠብቁና በአንድ ጊዜ በቀጥታ መስመር ተወርውረው በኋላ እጃቸው ቡጢ ይገባሉ። ፍጥነታቸው ያስደነግጣል፤ እግር በሚደርስበት ርቀት ላይ ቆመው ሳለ ቡጢያቸው ደረትህ ላይ ይገኛል። ሁለት ነገር ረድቶኛል። የመጀመሪያው ከመስመሩ መውጣት ነው፤ እሱ የሚመጣው በቀጥታ ስለሆነ በጎን አንድ ሰያፍ እርምጃ ከሄድኩ ያለሁበትን ቦታ አልፎ ይሄዳል። ሁለተኛው የልማዱ ነገር ነው። በነሱ ውድድር ነጥብ ሲገኝ ዳኛው ያስቆማል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ጥቃት ከፈጸሙ በኋላ ሳያውቁት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ይላላሉ። የመጀመሪያውን ከተከላከልክ አትቁም፤ ያ ትንፋሽ የአንተ ነው። ይህን ስጽፍ ለካራቴ ያለኝ አክብሮት የቀነሰ እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ፤ የርቀት ስሜታቸው ከእኛ ይበልጣል፣ ርቀትን መለካት ከማንም በላይ ያስተማሩኝም እነሱ ናቸው።

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ግን የስልት ስም የሌለው ዓይነት ተጋጣሚ ነው፦ የሚጠብቅ ሰው። አያጠቃም፣ አይሸሽም፤ አንተ ስትሳሳት ብቻ ይመልሳል። ትዕግሥቱ ያናድዳል፣ ንዴት ደግሞ ወደ ወጥመዱ ያስገባል። ለሱ የማደርገው እንዲህ ነው። ጉልበቴን አንሥቼ እንደምረግጥ አስመስዬ እመልሳለሁ፣ ምን እንዳደረገ አያለሁ። ደግሜ ያንኑ አደርጋለሁ፤ ተመሳሳይ መልስ ከሰጠ አገኘሁት ማለት ነው። በሦስተኛው ጉልበቴ በተመሳሳይ መንገድ ይነሣል፣ እርግጫው ግን መልሱ ክፍት ወደሚተወው ቦታ ይሄዳል። ለምሳሌ ጉልበቴ ሲነሣ እጁን ወደ ሆዱ የሚያወርድ ከሆነ እዚያው አየር ላይ አቅጣጫውን ወደ ጭንቅላት እለውጣለሁ። ማታለያ የሚሠራው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነተኛውን ሲመስሉ ነው፤ በእጅ ብቻ የሚደረግ፣ ወገብ የማይንቀሳቀስበት ማታለያ ማንንም አያታልልም።

ስለ ጁዶና ስለ ትግል ሰዎች ብዙ ለማለት ልምዴ አይበቃም። ከነሱ ጋር ከፍ ያለ እርግጫ መሰንዘር እግርን በስጦታ መስጠት እንደሆነ፣ ከግድግዳ መራቅ እንደሚገባና ከሁሉ በፊት አወዳደቅ መማር እንደሚያስፈልግ ግን በጉልበቴ ተምሬዋለሁ። እግርህ ከተያዘ ለመንጠቅ አትታገል፤ በአንድ እግር እየዘለልክ አንገቱን በእጅህ ገፍተህ ሚዛንህን ጠብቅ፣ ካልሆነልህ አገጭህን ደረትህ ላይ አድርገህ ውደቅ። ሳይማሩ ከነሱ ጋር መግባት አይመከርም።

ትንፋሽም ከታክቲክ ይቆጠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከድሬዳዋ ወይም ከአዳማ ለውድድር የመጡ ጠንካራ ልጆች በመጀመሪያው ዙር አስጨንቀውን በሁለተኛው አፋቸውን ከፍተው ሲቆሙ አይተናል። ቆላ ወርጄ ስጋጠም ደግሞ የሚያደክመኝ ሙቀቱ ነው። እየተጫነ የሚመጣን ተጋጣሚ በመጀመሪያው ዙር እንዲሮጥ አደርገዋለሁ፤ የጎን እርግጫዬን ሆዱ ላይ እያስቀመጥኩ በየእርምጃው እንዲከፍል። እኔ ራሴ የምጫን ከሆነ ግን ስመታ ትንፋሽ ማውጣትን አልረሳም፤ ብዙ ጀማሪ የሚደክመው እስትንፋሱን ይዞ ስለሚጋጠም ነው።

ከሌላ ስልት ጋር ስትገባ ከመጀመርህ በፊት ተነጋገር። ምን ይፈቀዳል፣ በምን ያህል ኃይል፣ ጭንቅላት ይመታል ወይስ አይመታም፣ አንዱ «በቃ» ሲል ወዲያው ይቆማል ወይ። ከእኛ መካከል በዝምታ የተጀመሩ ስፓሪንጎች ናቸው ወደ ጠብ የተለወጡት፤ አንዱ ቀለል አድርጎ የመታ መስሎት፣ ሌላው ያንን በራሱ ልማድ ለክቶ እጥፍ መልሶ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር የተሰማው ሰው ያን ቀን ልምምዱ አልቋል፤ ሐኪም ሳያየውና ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደ ስፓሪንግ አይመለስም። በዚህ ጉዳይ ከማንም አሠልጣኝ ጋር አልስማማም፤ ልጅን «ወንድ ሁን» ብሎ ወደ ዙሩ መመለስ አሠልጣኝነት አይደለም።

ያ ቦክሰኛ አሁን የቅርብ ጓደኛዬ ነው። ከሦስት ወር የወንበር ልምምድ በኋላ እንደገና ስንገባ የመጀመሪያዎቹን አራት የጎን እርግጫዎች ሆዱ ላይ አሳረፍኩ፣ በአራቱም እግሬ ከነጭ መስመሬ ኋላ ተመለሰ። በሁለተኛው ዙር አንድ ጊዜ ሰንፌ እግሬን ወደ ፊት ጣልኩት፤ ያችን አንዷን አላለፋትም፣ የግራ ቡጢው እንደ ድሮው አፍንጫዬን አገኘው። ሲያልቅ እየሳቀ «ወንድሜ፣ ዛሬ ደጃፌን ያንኳኳኸው አንዴ ብቻ ነው» አለኝ። አሁን እሱም ክርኑን ዝቅ አድርጎ እግሬን ወደ ጎን እየጠረገ በሰያፍ መግባት ለምዷል፤ ባለፈው ሳምንት በሦስት ዙር ውስጥ የጎን እርግጫዬ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የደረሰው፣ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወንበሩን አንሥቼ ጉልበቴ ተነሥቶ ሳለ አቅጣጫ መለወጥን እየተለማመድኩ ነው።